ኦዲተር ሲመጣ ብቻ የሚበራ ሎግ

ግልጽ ደብዳቤ ለባንኮች፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲዎች የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ኦዲት ሊደረግ ሳምንት ሲቀረው በየሰርቨር ክፍሉ ምን እንደሚሠራ እናንተም እኔም እናውቃለን። የኦዲት ፖሊሲው ገጽ ይከፈታል፤ ባዶ የነበሩት ሳጥኖች ሁሉ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ስክሪንሾት ተነሥቶ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዛል። ኦዲተሩም ቼክሊስቱ ላይ «አለ» ብሎ ይፈርማል። ከዚያ «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ»፣ «ዲስኩ ሞላ» የሚል ስልክ ሲደወል ከክፍሉ ልጆች አንዱ ገብቶ ሎጉን መልሶ ያጠፋዋል። እስከሚቀጥለው ዓመት ማንም አያነሣውም።

ሎጉ መጥፋቱ አንድ ነገር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሲበራም በማን እጅ እንዳለ ነው። ሎጉን የሚያበራው፣ የሚያስቀምጠውና ሊሰርዘው የሚችለው ሥራው መመዝገብ ያለበት አድሚን ራሱ ነው።

በወረቀቱ ዘመን ይህን ጉዳይ አሳምረን እናውቀው ነበር። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው የገቢና የወጪ ደረሰኞቹን፣ ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን፣ ያስታውሳል። ጥራዙ ተከታታይ ቁጥር አለው፣ በካርቦን ይጻፋል፣ ኮፒው ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የራሱን ቅጠል ቢቀድ ሌላው ቅጠል ሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ አለ። ያንን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ማንንም ሌባ አላሉም። ኮምፒውተር ስናስገባ ግን ጥራዙን ይዘን ካርቦኑን ጣልነው።

ዊንዶውስ የሴኪውሪቲ ሎጉን ያጸዳ ሰው ሲኖር ያንኑ ድርጊት በቁጥር 1102 ይመዘግበዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ያ መዝገብ የሚቀመጠው እዚያው በጸዳው ሎግ ውስጥ ነው። ወደ ሌላ ማሽን የሚላክበት መንገድ ከሌለ 1102ን የሚያየው ያው ያጸዳው ሰው ነው። መጠኑም ሌላ ችግር ነው። ብዙ የዊንዶውስ ማሽኖች ላይ የሴኪውሪቲ ሎጉ ከፋብሪካ የመጣበት መጠን 20 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሲሞላ ከአሮጌው እየጠረገ በላዩ ይጽፋል። የሊኑክሱ ኦዲት አገልግሎትም በተለመደው አቀማመጡ 8 ሜጋባይት የሚይዙ 5 ፋይሎችን እያፈራረቀ ይጠቀማል፤ በድምሩ 40 ሜጋባይት። ሥራ በሚበዛበት ሰርቨር ላይ ይህ ለአንድ ቀን እንኳ ላይበቃ ይችላል። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ከሞላ ደግሞ መመዝገቡን ያቆማል፤ ሰርቨሩ ግን ሥራውን ይቀጥላል። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የክፍያ ካርድ ደኅንነት ደረጃውም የ12 ወር ሎግ እንዲቀመጥ፣ የቅርቡ 3 ወር ደግሞ ወዲያው ሊታይ በሚችልበት ሁኔታ እንዲገኝ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በ20 ሜጋባይት እንዴት እንደሚሆን እናንተ ንገሩኝ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሲወራ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ነው። ሰርጎ ገቦቹ 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለማዘዋወር ሞክረው 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ደረሰላቸው። እኔ ደጋግሜ የማስበው ስለ ፕሪንተሩ ነው። ባንኩ የስዊፍት መልእክቶችን ማረጋገጫ በወረቀት የሚያትም ፕሪንተር ነበረው፤ ከላይ ካርቦን ያልኩት ማለት ነው። የገባው ቫይረስ ከዳታቤዙ ውስጥ የዝውውሮቹን መዝገብ ይሰርዝ ነበር፤ ማረጋገጫዎቹ እንዳይታተሙም አደረገ። በስርቆቱ ማግስት ዓርብ፣ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን፣ ሠራተኞቹ ፕሪንተሩ እንደማይሠራ አዩ፤ እንደተለመደው ዓይነት ብልሽት ነው ብለው አለፉት። ሌቦቹ ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ ከባለቤቶቹ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሁለተኛው ቅጂ ዝም ሲል ደግሞ የደነገጠ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው አንድ ሰርቨር ሎግ መላክ ማቆሙ ራሱ ማንቂያ ሊያስደውል ይገባል የምለው። ከእናንተ መካከል ይህን ያደረገ ስንቱ ነው?

ወደ ቤታችን ልመለስ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረው ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ፣ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ ማውጣት ደርሷል። ይህ የተቻለው እያንዳንዱ ወጪ በአንድ ሰው ሒሳብ ስለተመዘገበ ነው። ደንበኛን እስከ ሳንቲሙ የሚመዘግብ ሙያ የራሱን ሰዎች ሲመዘግብ ግን ስም የለውም። ሎጉ «አድሚን ገባ» ይላል። የአድሚኑን ፓስወርድ የሚያውቁት እነማን ናቸው? መላው ክፍሉ፣ ሶፍትዌሩን የተከለው ድርጅት ባለሙያዎች፣ ምናልባትም አምና ሥራ የለቀቀው ልጅ። ሊኑክስ አንድ ሰው በራሱ ስም ገብቶ ወደ ሩት ቢሸጋገር እንኳ መጀመሪያ የገባበትን ማንነት ይዞ ይቆያል። በቀጥታ በሩት ከገባ ግን የሚይዘው ሌላ ማንነት ስለሌለ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ይህ ጥሩ መሣሪያ በእጃችን እያለ በጋራ ፓስወርድ ዋጋ አሳጣነው። ገንዘብ ወይም የተማሪ ውጤት ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዲስ የተቀጠረው ልጅ ነው። ንጹሕነቱን የሚያሳይለት መዝገብ የለውም።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አንዱ ሰርቨር በዩቲሲ ይመዘግባል፣ ሌላው በአዲስ አበባ ሰዓት፤ ፋየርዎሉ ሰዓቱን ከማንም ጋር አስተካክሎ አያውቅም። በዩቲሲ 23:40 የሚል መስመር በእኛ ሌሊት 8፡40 ነው፤ ቀኑም የማግስቱ ነው። ይህን ያላጤነ ሰው ቃለ ጉባኤው ላይ «ከምሽቱ 5፡40» ብሎ ይጽፋል። ፈረቃው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የሚቀየር ከሆነ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ የተኛው ሠራተኛ ተጠርቶ ይጠየቃል፤ በሰዓቱ ሥራ ላይ የነበረው ግን አይጠየቅም። ሰርቨሮቹን ሁሉ በአንድ የሰዓት ምንጭ ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በጀት የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሎግ የሚሰበስብ ውድ ሶፍትዌር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ አንድም ሰው ሳይከፍተው ፈቃዱ ያለቀበት ቤት ስለምናውቅ ይህን ክርክር ብንተወው ይሻላል። ሎግ ወደ ሌላ ማሽን መላክ በዊንዶውስም በሊኑክስም አብሮ የሚመጣ አገልግሎት ነው። የሚያስፈልገው አንድ መጠነኛ ሰርቨርና ቁልፉን የሚይዝ ከአድሚኖቹ ውጭ ያለ ሰው ነው፤ የውስጥ ኦዲት ቢሆን እመርጣለሁ። ሁሉን ነገር መዝግቡ አላልኩም። እንዲያውም ዲስኩን የሚሞላው ያ ነው። ማን ገባ፣ ማን መግባት አቃተው፣ ማን አዲስ ዩዘር ፈጠረ፣ ማን ሥልጣን ሰጠ፣ ማን የኦዲት ፖሊሲውን ነካ፣ ዋና ዋናዎቹን ሰንጠረዦች ማን ከፈተ፤ በነዚህ ጀምሩ። ሎጉን የሚያየው ሰውም የተመረጠ ይሁን፤ ቸኩሎ ፓስወርዱን በዩዘር ስም ቦታ የጻፈ ሰው ፓስወርድ እዚያ ውስጥ ይገኛልና።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። በዚህ ሳምንት ከምታምኑት አንድ ሰው ጋር ብቻ ተመካክራችሁ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ «ሙከራ» የሚባል ዩዘር አስፈጥሩ። የአድሚን ሥልጣን ይሰጠው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይሰረዝ። ወሩ ሲያልቅ ክፍላችሁን ሰብስቡና ማን እንደፈጠረው፣ ስንት ሰዓት ላይና ከየትኛው ማሽን እንደነበረ ጠይቁ። መልሱ ፈጣሪው ሊደርስበት ከማይችል ማሽን በስም ተነቦ ካልመጣ፣ በሚቀጥለው ኦዲት «አለ» ከሚለው ፊት ለፊት አትፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሙያ ባልደረባችሁ