የእብድ ውሻ በሽታ ሕክምና፦ ከፈርሚ ክትባት ወደ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ

ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ዛሬም «ፓስተር ወራጅ» ይላል። ስሙ ለሰፈሩ የተረፈው ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ተቋሙ በአሁኑ ጊዜ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። በውሻ የተነከሰ የአራዳ ነዋሪ ለአሥርት ዓመታት መድኃኒት ፍለጋ ያቀናው ወደዚያው ነበር።

በተቋሙ ይመረት የነበረው የፈርሚ ክትባት የሚዘጋጀው ቫይረሱ ከተራባበት የበግ አንጎል ነው። ታካሚው ለ14 ተከታታይ ቀናት በሆዱ ቆዳ ሥር ይወጋል፤ ማጠናከሪያም ይታከልለታል። ከመርፌው ብዛት የከፋው ግን ሌላ ነበር። ክትባቱ የነርቭ ሽፋን ንጥረ ነገር ስለሚይዝ፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት አልፎ አልፎ የራሱን ነርቭ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉ ክትባቶች እንዲቀሩ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲመክር ቢቆይም፣ ኢትዮጵያ የተላቀቀቻቸው ከአብዛኞቹ አገሮች ዘግይታ ነው።

በሕዋስ ላይ ተራብቶ የሚዘጋጀው አዲሱ ክትባት ደኅንነቱ የተሻለ ሲሆን የመርፌው ቁጥርም አነስተኛ ነው። ሆኖም ሰውነት በክትባቱ ተነሣሥቶ በቂ አንቲቦዲ እስኪያመርት ከ7 እስከ 14 ቀናት ገደማ ይወስዳል። ቫይረሱ በዚህ ጊዜ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እየተጓዘ ነው። ፊቱን ወይም ራሱን ለተነከሰ ሕፃን መንገዱ እጅግ አጭር ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ተዘጋጅቶ የመጣ አንቲቦዲ፣ ማለትም ኢሚውኖግሎቡሊን፣ በቀጥታ በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ሲወጋ ነው። ይህ መድኃኒት ከሰው ወይም ከፈረስ ደም ስለሚገኝ ውድና እጥረት ያለበት ነው፤ ለከባድ ንክሻ የሚያስፈልገው ሕክምና በብዛት የሚጎድለውም በዚህ በኩል ነው።

በቤተ ሙከራ የሚመረተው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ትኩረት የሳበው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016 በህንድ ተፈቅዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካትቶታል። ደም ለጋሽም ፈረስም አያስፈልገውም። ይሁንና አንድ ዓይነት አንቲቦዲ የሚይዘው የቫይረሱን አንድ ቦታ ብቻ በመሆኑ፣ ያ ቦታ የተለወጠበት ቫይረስ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ አጣምሮ መስጠቱ ይበልጥ አስተማማኝ ይመስላል። የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ ግን ክትባቱም አንቲቦዲውም ሕይወት አያተርፍም፤ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ገዳይ ነው።

ጋቪ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለሚደግፋቸው አገሮች ከንክሻ በኋላ የሚሰጠውን ክትባት ማቅረብ መጀመሩ የክትባቱን ችግር ያቃልላል። የበሽታው ምንጭ ግን ያው ጎዳናው ነው፦ ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው ከውሻ ነው። ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት በበዛበት እንደ ፒያሳ ባለ ሰፈር ትራፊ የሚለቅሙ ባለቤት አልባ ውሾች አይታጡም። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሥርጭቱ ይቋረጣል፤ ይህም ከማንኛውም አንቲቦዲ በዋጋ ይረክሳል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ቤተሰብ ክትባቱን ለነገ ሊያሳድር አይገባም። የነከሰው ውሻ ታስሮ ለ10 ቀናት ጤናማ ሆኖ ከቆየ፣ ቀሪው ክትባት በሐኪም ውሳኔ ሊቋረጥ ይችላል።