የፕላስቲኩ መላጫ ርካሽ አይደለም

ባለፈው ፋሲካ ወደ አገሬ መንዝ ስወጣ ለአጎቴ ሦስት የፕላስቲክ ጢም መላጫ ይዤላቸው ሄድኩ። ምላጩ ለብቻው ተገዝቶ መሐሉ የሚገባለት፣ በቪስ የሚጠብቀው ዓይነት ነው።

“ምነው ሦስት?” አሉኝ።

“አንዱ ቢሰበር ሌላው አለ ብዬ ነው፣ ጋሼ።”

ሳቁብኝ። ተነሥተው ከሣጥናቸው አንድ የብረት መላጫ አወጡ። “ይኼ የአባቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ብርሃን የተገዛ። ምትክ አልተገዛለትም፤ አልተሰበረማ!”

ያም ሆኖ እኔን ላለማስከፋት በፕላስቲኩ መላጨት ጀመሩ። በጥቅምት ስደውል የአንዱ የቪስ ጥርስ ተበልቶ ምላጩን መያዝ ትቷል። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ወድቆ ራሱ ተሰንጥቋል። ሦስተኛው ጎረቤት ተውሶት ሄዷል። ይህ ሦስተኛው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው እናውራ። ሁለት ስለት ያለው ምላጭ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። እንዲህ የሳሳ ብረት ለብቻው ምንም አይሠራም፤ የሚያሠራው አጥብቆ የያዘው አካል ነው። ብረቱ ከስለቱ ጥግ ድረስ ጨምቆ ስለሚይዘው ምላጩ አይንቀጠቀጥም። ርካሹ ፕላስቲክ ግን ሲጠብቅ ይለመጣል፤ አንዱ ጎን ወጣ፣ ሌላው ገባ ይላል። ያኔ ምላጩ ጢሙን መቁረጡን ትቶ መጎተትና ቆዳ መቧጠጥ ይጀምራል። እኛም “ምላጩ ደነዘዘ” ብለን አዲስ ምላጭ እንገዛለን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምላጩ አይደለም።

ፕላስቲክ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ በደንብ የተሠራው አዲስ ሳለ ከብረት እኩል ይላጫል። ለመንገደኛ ይመቻል። ጥያቄዬ ለስንት ጊዜ ነው የሚለው ነው፤ የት አገርስ?

ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የመንዝና የግሼ ደጋ፣ ውርጭ በሚያድርበት ጠዋት፣ ርካሽ ፕላስቲክ ይደርቅና ይሰባበራል። ወደ ጀማ ሸለቆ ወርደን በመርሐቤቴ ቆላ ደግሞ መስኮት ላይ የተቀመጠውን ፀሐይ ያደርቀዋል። ደጋው ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ውሃ ማሞቅ ራሱ ወጪ ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት፣ ኩበት ለእንጀራ በሚቆጠብበት ቤት ለጢም ብሎ ውሃ የሚያፈላ ጥቂት ነው። ጢም በሙቅ ውሃ ሲርስ ይለሰልሳል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን እንደ ሽቦ ነው። ስለዚህ ደህና መላጫ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ደገኛ ነው፤ የሚደርሰው ግን ከሁሉም የባሰው ነው።

አሁን ወደ ተዋሱት መላጫ ልመለስ። የኤች አይ ቪ ትምህርት በጦፈበት ዘመን “ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ” የሚለውን ሕፃን ሳይቀር ያውቀው ነበር። ዛሬ ተዘንግቷል። መላጫው ቶሎ ሲሰበር ምን ይሆናል? በዓል ዋዜማ ላይ ያልተሰበረለት ጎረቤት አንዱን መላጫ ለአራት ሰው ያዞራል። የሚላላ ምላጭ ደግሞ ያደማል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ምላጩ ቢቀየርም የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በደንብ አይጸዳም፤ ልቀቅለው ቢሉት ይጣመማል። የብረቱን ግን ቀቅሎ መመለስ ይቻላል። ሆኖም ብረት ነው ተብሎም አይዋዋሱት፤ መላጫ እንደ ጥርስ ብሩሽ የአንድ ሰው ነው።

“ድሃ የሚችለውን ይገዛል” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ሒሳቡን እንሥራ። ይህ ዕቃ በአብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። በየስድስት ወሩ የሚሰበር ዕቃ መግዛት ማለት ድሃው በየስድስት ወሩ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ይጋጠም ማለት ነው። አያቴ የከፈሉት አንዴ ነው።

ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጆች 1903 ይህን መላጫ ለገበያ ሲያወጣ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 ብቻ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ምላጩ ይጣል፣ መያዣው ይቆይ። ርካሹ ፕላስቲክ ያመጣው ለውጥ መያዣውንም የሚጣል ማድረጉ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቀናል፤ ደግ አድርገናል። ስስ ፌስታል የከለከለ አገር ግን ተሰብሮ ከነምላጩ በግ የሚግጥበት ሜዳ ላይ ስለሚጣለው ፕላስቲክም መጠየቅ አለበት።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ምላጭ የሚለው ቃል ከታሸገው ምላጭ በፊት የነበረ ነው። ብረት አቅልጦ ስለት የሚያወጣ ሰው በሰሜን ሸዋ ሞልቶ ነበር። እኛ ግን “ጠይብ”፣ “ቡዳ” እያልን አሸማቀቅነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ ዕድሜ በለጠ። የሰደብነው እጅ ሙያውን ለልጁ ሳያወርስ ሲቀር፣ እኛ የሚሰበር ፕላስቲክ ሸማች ሆንን።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው። የደረጃ ተቆጣጣሪዎች ሰውነት የሚነካ ስለታም ዕቃ ሲገባ ጥንካሬውን ይፈትሹ። የዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቶርኖ ላይ ለተማሪ የሚሰጡት ልምምድ አንዱ የነሐስ መላጫ ይሁን፤ እጀታው ቀላል ነው፣ ራሱ ደግሞ ጥሩ የሙያ ፈተና ነው። እኛ ከከተማ ስጦታ ይዘን የምንወጣ ልጆችም ሦስት ፕላስቲክ ከምንሸከም አንድ ብረት እንግዛ።

እኔ ለመጪው ፋሲካ ሁለት የብረት ፈልጌ አግኝቻለሁ። ሁለቱም ለአጎቴ አይደሉም፤ እሳቸው አላቸው። አንዱ ለዚያ ለተዋሰው ጎረቤት ነው፣ ሌላው ለልጁ።

በእናንተ ሰፈርስ መላጫ ስንት ወር ይቆያል? ስንት ሰውስ ይላጭበታል?