ከፏፏቴው በፊት ግድግዳው

እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው ዋጋ ሲከራከር፣ ግመሉና ፍየሉ ሲጮህ፣ በዚያ ሁሉ መሀል የልብህን ለባልንጀራህ ብታወራው አጠገብህ የቆመው አይሰማህም። ሁካታው መጋረጃ ነው።

እናቴን ይዤ በገባሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ግን መጋረጃ የለም። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አላት መዝጋቢው በመስኮት። አንገቷን ደፍታ ስትመልስ፣ አግዳሚው ላይ የተደረደረው ተራ ጠባቂ ሁሉ ጆሮ ሆነ። ሚስጥሯን ከሐኪሙ በፊት ሰፈሩ ሰማው!

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን በተነሳ ክርክር አንድ ወዳጃችን መድኃኒቱን አገኘሁ አለ፦ በየሕዝብ አዳራሹ ፏፏቴ ይሠራ፤ የውሃው ድምፅ ወሬን ይሸፍናል። እውነት ለመናገር ነገሩ ቅዠት አይደለም። ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ለሱልጣን ሙራድ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1578 የተሠራው አዳራሽ በግድግዳው ላይ ፏፏቴ አለው፤ ወሬ እንዳይሰማ ነው ይባላል። የገበያውም ሁካታ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ድምፁ አይጠፋም፣ ቃሉ ግን አይለይም።

ታዲያ ሱልጣኑ መጀመሪያ ግድግዳና በር ነበረው እኮ! ፏፏቴው የመጣው በላዩ ነው። እኛ ዘንድ ክፍልን ከክፍል የሚለየው ኮምፔንሳቶ ጣሪያ ሳይደርስ ይቀራል። ደግሞስ ሁካታ ውስጥ ያለ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህንን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎታል። መስኮቱ ሥር ፏፏቴ ብታቆም መዝጋቢው ይጮኻል፣ ጆሮዋ የደከመ እናቴም ትጮኻለች። ያን ጊዜ ሚስጥሩ ወዴት ሊደበቅ ነው? ውሃው በደንብ ካልተያዘ ደግሞ በሽታ ይረጫል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን፣ በአንድ ሆስፒታል የነበረ የግድግዳ ፏፏቴ 8 ሰዎችን በሌጅዮኔላ የሳንባ ሕመም አስይዟል። በጄሪካን ውሃ በሚቀዳ ሕዝብ ፊት ውሃን ለጌጥ ማፍሰስስ ምን ይሉታል?

ወገኖች! የድሃ ሚስጥር ሚስጥር አይደለም ያለው ማነው? የምንጠይቀው ትንሽ ነው፦ ጣሪያ የሚነካ ግድግዳ፣ የሚዘጋ በር፣ ከመስኮቱ የራቀ አግዳሚ፣ ሕመምን በአደባባይ የማይጠይቅ መዝጋቢ። ቧንቧውም አስቀድሞ ለእጅ መታጠቢያ ይምጣ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ፏፏቴው ይምጣ፤ ያን ጊዜ እኔም ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ።