እስክጨርስ ጠብቁኝ



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ በነበረው ሐለቃችን አጭር ማስታወሻ የማቅረብ ተራው የኔ ነበር። አንድ ወንድም በስልኩ ቀድቶ ላልመጡት እንዲደርስ ግሩፓችን ላይ ለቀቀው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገር እንተባተባለሁ፤ የተቀዳ ድምፄንም እሸሻለሁ። የራሱ ድምፅ ሲቀዳ እንግዳ የማይሆንበት ሰው ጥቂት ነው። ስንናገር ድምፃችንን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው ወፈር ይልብናል፤ ቅጂው ላይ ያ የለም። ለሚንተባተብ ሰው ደግሞ ያለፈው ጭንቅ እንደገና ይመጣበታል።

ያም ሆኖ ማታ ዶርም ውስጥ ኢርፎን ሰክቼ አዳመጥኩት። ሁለት ነገር አገኘሁ።

አንደኛ፣ ምላሴ ሲያዝ ማለቂያ የሌለው የሚመስለኝ ዝምታ፣ ሰዓት ስይዝለት ከሦስት ሰከንድ አላለፈም። ሁለተኛው ግን አሳፈረኝ። «ሶ... ሶ...» እያልኩ «ሶብር» ለማለት ስታገል አንድ ወንድም «ሶላት» ብሎ ጨረሰልኝ። እኔም «አዎ፣ ሶላት» ብዬ ቀጠልኩ። የተዘጋጀሁት ስለ ሶብር ነበር። ለመገላገል ስል ያላሰብኩትን ተናገርኩ።

ወንድሜ ሊያግዘኝ ፈልጎ ነው፤ አላህ ኒያውን ይቀበለው። ግን እንዲህ ያለው እርዳታ ንግግሬን ይወስድብኛል።

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ጌታቸውን መለመናቸውን ሱረቱ ጣሃ ላይ እናነባለን። ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆኗቸውም ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ልብ በሉ፦ ረዳት የጠየቁት ራሳቸው ሙሳ ናቸው። አላህም «አንተ ይከብድሃል» ብሎ መልእክቱን አልወሰደባቸውም። በንግግራቸው የተሳለቀው ፊርዐውን ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዲስም ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ተነግሮናል። ሐዲሱ ስለ ቂርኣት ነው፤ ሆኖም የሚታገልን ምላስ በምን ዓይን ማየት እንዳለብን ያስተምረናል።

አንዳንዶቻችሁ «ቁርኣን ስትቀራ አይዝህም፤ እንግዲያው ፍርሃት ነው» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች በዜማ ሲያነቡ ወይም ከሌላ ሰው ጋር አብረው ሲሉ ምላሳቸው ይፈታል፤ ብቻቸውን ሲያወሩ ይመለስባቸዋል።

ስለዚህ ውድ ወንድምና እህቶች፣ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ቃሌን አትጨርሱልኝ። «ተረጋጋ፣ ቀስ በል» አትበሉኝ። በእዝነት ተራዬን ለሌላ አትስጡብኝ፤ ዝም ብላችሁ ሦስት ሰከንድ ጠብቁኝ። በየክፍላችሁም እንደኔ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ብዙዎቻችን እጃችንን የማናወጣው መልሱ ጠፍቶን አይደለም።

በሚቀጥለው ሐለቃ ያንኑ ርዕስ ደግሜ እንዳቀርብ ጠይቄያለሁ፤ ኢንሻአላህ ስለ ሶብር ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑና ቅዱኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።