ከባሕር ወለል የሚሰማ ማዕበል



በሌሊት ዘብ የቆመ ወታደር ዐይኑ የማይደርስበትን በጆሮው ይጠብቃል። ቤት ሆና የምትጠብቀው ባለቤቱም የእርሱን ኮቴ ከሌላው ኮቴ ለይታ ታውቃለች። የባሕር ተመራማሪዎችም የሩቁን ማዕበል ለማወቅ እንዲሁ ያዳምጣሉ።

ጉዳዩ የመርከበኞች ሕይወት ነው። ማዕበል የሚለካው ብዙ ጊዜ በውኃው ላይ በሚንሳፈፍ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ልኬቱ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ፣ መሣሪያው ራሱ ለአደጋ ይጋለጣል። መሣሪያውን ወደ ጥልቁ እናውርደው ቢባል ደግሞ የማዕበሉ ግፊት ወደ ታች ሲወርድ ፈጥኖ ይደክማል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ተከታዩ ጫፍ 200 ሜትር የሚረዝም ማዕበል፣ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ከግፊቱ የሚቀረው ከመቶ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው።

መፍትሔው የሚገኘው ማዕበሎች ፊት ለፊት ከሚገናኙበት ስፍራ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ማይክል ሎንጌት-ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳስረዱት፣ እኩል ርዝመት ያላቸው ማዕበሎች ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ሲጋጠሙ ውኃው ባለበት ከፍና ዝቅ ይላል። በአንድ ዙር ውስጥ የውኃው የክብደት ማዕከል ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ ሁለት ጊዜም ይወርዳል። ወለሉም ይህን ጫና ሁለት ጊዜ ይቀበላል። በመሆኑም በየ10 ሴኮንዱ የሚመላለስ ማዕበል በየ5 ሴኮንዱ የሚመታ ግፊት ይፈጥራል። ይህ የሰው ጆሮ የማይሰማው ወፍራም ድምፅ ሳይደክም እስከ ጥልቁ ይወርዳል።

እሑድ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። ውኃ የሞላ ሳፋ አቅርቡና ከሁለቱም ጫፍ እኩል እየገፋችሁ ትንንሽ ማዕበል ላኩ፤ መካከሉ ላይ ውኃው ወዴትም ሳይሄድ ሲነሣና ሲወድቅ ታያላችሁ።

ይህ ንድፈ ሐሳብ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሐዋይ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከኦዋሁ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ4,700 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ፣ ሃይድሮፎን የሚባል የውኃ ውስጥ ድምፅ መቀበያ ተተከለ። ድምፁን ወደ የብስ ያመጣው ከአገልግሎት የወጣ የስልክ ገመድ ነበር። ተመራማሪዎችም የተቀረጸውን ድምፅ ከላይ ከነበረው ነፋስና ማዕበል ጋር እያስተያዩ አጠኑት።

እርግጥ ሃይድሮፎኑ የእያንዳንዱን ማዕበል ቁመት ለይቶ አይነግርም፤ በዚህ ዘዴ የሚሰማው የተቃራኒ ማዕበሎችን ግጥሚያ ነው። የአንድ ቃፊር ወሬ በሌላው ቃፊር እንደሚረጋገጥ ሁሉ፣ የእርሱም ወሬ ከሌሎች ልኬቶች ጋር ይመሳከራል። በጥሞና ያዳመጠና የሰማውንም ያመሳከረ ግን፣ ሊቀርበው ከማይችለው ዐውሎ ነፋስ እንኳ እውነተኛ ወሬ ያገኛል።