የማንቂያው መስመር ከወባው ጋር አብሮ ሲወጣ

በጤና ጣቢያዎቻችን ግድግዳ ላይ የወባ መከታተያ ሠንጠረዥ ተለጥፎ ይገኛል። ከታች ሳምንታቱ፣ በጎን የሕሙማኑ ቁጥር፣ መሐል ለመሐል ደግሞ የማንቂያ መስመር። የሳምንቱ ቁጥር ከመስመሩ ካለፈ ወረርሽኝ ተጠርጥሮ ወረዳው ይንቀሳቀሳል። ጣና ዙሪያ ባለ አንድ ወረዳ የበሽታዎች ክትትል ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን መስመር በእርሳስና በማስመሪያ ሳሰምር ኖሬያለሁ። ዛሬ ለጤና ተማሪዎች ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው ያ መስመር አሁን ባለበት ሁኔታ ዓይናችንን እየጋረደ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት የታመሙትን ሰዎች ቁጥር ደርድሮ ከላይ ሁለተኛውን መውሰድ ነው። ለምሳሌ በአንድ ጤና ኬላ ቁጥሮቹ በየዓመቱ 8፣ 11፣ 9፣ 14 እና 30 ነበሩ እንበል። መስመሩ 14 ላይ ይሰመራል። የ30ው ዓመት ክፉ ዓመት ስለነበረ ከስሌቱ ይታለፋል፤ እስከዚህ ድረስ ብልህ ዘዴ ነው። በቀጣዩ ዓመት 42 ሰው ታመመ። የመጀመሪያው ዓመት 8 ከዝርዝሩ ይወጣና 11፣ 9፣ 14፣ 30 እና 42 ይቀራሉ። መስመሩ 30 ላይ ወጣ ማለት ነው። ቀድሞ 29 ሕሙማን ወረዳውን በሙሉ ያስነሡ ነበር፤ አሁን ያው 29 «ኖርማል» ተብሎ ይታለፋል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም። ሒሳቡ ራሱ መከራውን ለመደው።

የወረርሽኝ ዓመት ከስሌቱ ይውጣ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ወባው በአንድ ክረምት ገንፍሎ የሚመለስ ቢሆን እስማማ ነበር። ዓመት በዓመት እየጨመረ ሲሄድ ግን የትኛውን ዓመት ነው የምናወጣው? የአገራችንን ቁጥር ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገቡት ሕሙማን 900 ሺህ ገደማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታመው 1,157ቱ ሞተዋል። ጦርነቱ፣ የተቋረጠው ርጭት፣ ያልታደለው አጎበር፣ ከተማ የለመደችው አዲሲቱ ትንኝ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እንዲህ ካሉ ዓመታት የተሰላ መስመር ምን ሊያስጠነቅቀን ይችላል?

ሌላ ዓይነት ሒሳብ አለ፤ ለእኛ አገር ደጋማ ወረዳዎች የተሠራ እስኪመስለኝ ድረስ ልክ የሆነ። በሕንድ ያገለግል የነበረው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 የወባን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ በኋላ «ትንኝን ሁሉ ማን ይጨርሳል?» የሚል ተቃውሞ ገጠመው። በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ በቀመር መልስ ሰጠ፦ ሁሉን መጨረስ አያስፈልግም፣ ቁጥራቸው ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ወባ ራሱን መተካት ያቅተዋል። በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ የትንኟን ዕድሜ ጨመረበት። ተሐዋሲው በትንኟ ሰውነት ውስጥ እስኪበስል ቀናት ይፈጅበታል፤ እሷ ከዚያ በፊት ከሞተች ማንንም አታስይዝም።

በ25 ዲግሪ ሙቀት ተሐዋሲው ለመብሰል 12 ቀን ያህል ይወስድበታል። ከ100 ትንኞች በየቀኑ 90ዎቹ የሚተርፉ ከሆነ 12 ቀን የሚደርሱት 28 ያህል ናቸው። ግድግዳው ተረጭቶ በየቀኑ የሚተርፉት 80 በመቶ ብቻ ቢሆኑ 12 ቀን የሚደርሱት 7 ናቸው። ቤታችን ሲረጭ የሚሆነው ይህ ነው። በ20 ዲግሪ ደግሞ መብሰያው ወደ 28 ቀን ይረዝማል፤ ርጭትም ሳይኖር የሚደርሱት 5 ብቻ ይሆናሉ። ደጋውን የጠበቀው ብርዱ ነው። ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሲገባ 5ቱ 14 ይሆናሉ። ሁለት ዲግሪ ብቻ!

እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የሆነውን የማነበው ይህን ስሌት ይዤ ነው። ዝናቡም ሙቀቱም ከልማዱ ባለፈበት በዚያ ዓመት ወባ ደጋውን ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ካለፉት ዓመታት ቁጥር የተሰላ መስመር ያንን የሚያሳየው ሰዉ መታመም ከጀመረ በኋላ ነው። የአየር ጠባዩን የሚያይ ሞዴል ግን ትንኟ ሳትነክስ በፊት የሚናገረው አለው። ይህን ባለሙያዎቻችን ሞክረውታል፤ ኤፒዴሚያ በተባለው ሥራ የአማራ ክልል የጤና ባለሙያዎችና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሳተላይት የተገኘ የዝናብ፣ የሙቀትና የልምላሜ መረጃን ከሳምንታዊ ሪፖርት ጋር አጣምረው ለ47 ወረዳዎች ትንበያ ይሠሩ ነበር።

ሞዴል ይሳሳታል የሚሉኝ የኢቦላውን ጊዜ ያነሡብኛል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በላይቤሪያና በሴራሊዮን ብቻ እስከ ጃንዋሪ 2015 ድረስ 1.4 ሚሊዮን ሰው ሊያዝ ይችላል አለ። በመጨረሻ በሁሉም አገሮች የተመዘገበው 28,600 ያህል ነው። ነገር ግን ያ ስሌት የተነገረው «ምንም ካልተደረገ» ተብሎ ነበር። ያው ስሌት ከሕሙማኑ 70 በመቶው ተለይተው ከታከሙ ወረርሽኙ እንደሚከስምም ተናግሯል። ዓለም ተነሥቶ ድንኳኑን ተከለ፣ አስከሬኑን በጥንቃቄ ቀበረ። ቁጥሩ ሳይደርስ የቀረው ሰው ስለሠራ ነው፤ ይህን ስሕተት ብሎ መጥራት ለእኔ ትክክል አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ለሞዴሉ የምንቀልበው ቁጥር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሳምንቱን ሪፖርት የምትልከው በመረመረችው ልክ ነው። መመርመሪያ ያለቀባት ሳምንት የሕሙማኑ ቁጥር ይወርዳል፤ ወረዳ ላይ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ወባው የቀነሰ ይመስላል። ከያንዳንዱ ቁጥር ጎን ስንት ሰው እንደተመረመረና መመርመሪያው ስንት ቀን እንደጠፋ ካልተጻፈ የትኛውም ቀመር አያድነንም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርንና የክልል ጤና ቢሮዎችን የምጠይቀው ግልጽ ነው። የማንቂያው መስመር እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት በነበሩት የተሻሉ ዓመታት ላይ ተመሥርቶ ይሰመርና ባለበት ይጽና። ከጎኑ የአየር ጠባይ ትንበያው ይቀመጥ። ትንበያውም በቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ አይቅር፤ በየወረዳው ተለይቶ ነሐሴ ላይ በሬዲዮ ይነገር። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የደጋ ልጅ መንገድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አጎበር ይዞ መውረድ እንዳለበት ቤቱ ሳለ ይስማ።