ደሴት መቁጠር ዛሬን መኖር አይደለም

አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ሲበረታ አውሮፓ ላይ በጋ ነው። በዚያ ሰሞን የማኅበራዊ ሚዲያው ገጽ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፦ ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከኋላ ባሕር፣ ከፊት ደግሞ እጃቸውን የዘረጉ ሁለት ጓደኛሞች። ከስሩ የሚጻፈውም ያው ነው፦ «ሕይወት አጭር ናት፣ ዛሬን እንኑር።» ከፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልም ወይም ከቴል አቪቭ ተነስተው ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚወርዱ ሐበሾችም ከዚህ ሥዕል አልጠፉም።

ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ፎቶው የተነሳበትን ጉዞ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያስተውላል። ከደሴት ደሴት መዝለል የሚባለው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ነገን ማሳደድ ነው። ዛሬ የሚኖርበት ሰዓት የለውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ ሲክላዴስ የሚባሉትን ደሴቶች በአንድ ሳምንት ማዳረስ የፈለገ ሰው የተለመደ ዕቅድ አለው፦ ሚኮኖስ፣ ፓሮስ፣ ናክሶስ፣ ሳንቶሪኒ። አራት ደሴት በሰባት ቀን። ከፒሬየስ ሳንቶሪኒ በመደበኛው መርከብ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በፈጣኑ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከደሴት ወደ ደሴት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ጠዋት ክፍል ማስረከብ፣ ወደብ ላይ ቀድሞ መገኘት፣ የሚቀጥለው ማደሪያ እስኪዘጋጅ ከነሻንጣ ጥላ ፍለጋ መንከራተት አለ። እያንዳንዱ ዝውውር ግማሽ ቀን ይበላል። ናክሶስ ላይ ምሳ የሚበላው ሰው ሐሳቡ ሳንቶሪኒ ነው፤ ሳንቶሪኒ ሲደርስ ደግሞ የመመለሻ በረራውን ሰዓት ያያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጠባይ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበ። ሳንቶሪኒ 15 ሺህ ገደማ ቋሚ ነዋሪ ያላት ደሴት ናት፤ በዓመት የሚጎበኛት ሰው ግን ከ3 ሚሊዮን ይበልጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. በጋ በአንድ ቀን ብቻ 17 ሺህ ያህል ሰው ከክሩዝ መርከቦች ወርዶባታል። በ2025 ለክሩዝ ተሳፋሪ በቀን የ8 ሺህ ገደብ ተበጀ፤ ከዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምሮም የግሪክ መንግሥት ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ በሚወርድ የክሩዝ መንገደኛ ላይ በከፍተኛው ወቅት የ20 ዩሮ ክፍያ ጣለ። ኢያ በምትባለው መንደር ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት የሚሰበሰበው ሰው ብዛት ከመንገዱ ስፋት በላይ ነው። ከኋላ የቆመው ሰው ፀሐይዋን የሚያየው ፊት ለፊቱ ባለው ሰው ስልክ ላይ ነው። ለጥቂት ሰዓት የወረደ ሰው ደሴቲቱን አያውቃትም፤ ደሴቲቱም ከእሱ የምታገኘው ትርፍ እምብዛም ነው። ሁለቱም ይደካከማሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጥፋቱን በስልክ ላይ ይደፈድፋል። ነገሩ ግን እንደሱ ብቻ አይደለም። ሊንዳ ሄንክል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሙዚየም ውስጥ ፎቶ ያነሱ ሰዎች ያነሷቸውን ዕቃዎች በዓይናቸው ብቻ ካዩዋቸው ባነሰ ሁኔታ አስታውሰዋል። የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ አቅርበው ያነሱት ግን ትዝታቸው አልተጎዳም፤ ምክንያቱም ልብ ብለው አይተዋል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ፎቶ ማንሳት ደስታን ሊጨምር እንደሚችል፣ ገና ሲነሳ ግን «ይኼን ልለጥፈው» ተብሎ የሚነሳ ፎቶ ደስታውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እንግዲህ ጥያቄው ካሜራው ለማየት ነው ወይስ ለማሳየት የሚል ነው። ለማሳየት የሚያነሳ ሰው ሐሳቡ ገና ያልመጣውን «ላይክ» እየቆጠረ ነው። እሱም ቢሆን ነገ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ አንባቢ «ይኼ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» ቢል አይፈረድበትም። እውነትም አለው። አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች እንበል፤ አንዱ ጀርመን ኖሮ የጀርመን ፓስፖርት ያዘ፣ ሌላው አዲስ አበባ ቀረ። ግሪክ ላይ ለመገናኘት ተቀጣጠሩ። ባለ ጀርመን ፓስፖርቱ ትናንት ወስኖ ዛሬ ይሳፈራል፤ ደሴቷ ከጣመችው ሁለት ሳምንት ይጨምራል። የአዲስ አበባው ግን ለሼንገን ቪዛ 90 ዩሮ ይከፍላል፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ይገዛል፣ የሚያድርበትንና የሚመለስበትን አስቀድሞ ያሳያል፣ የባንክ ደብተሩን ያቀርባል። ከተፈቀደለትም ቪዛው ላይ የቀኑ ቁጥር ተጽፎ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ካለቀ በኋላ የምትውል አንዲት ቀን እንኳ ለወደፊቱ ቪዛ ጠንቅ ናት። «እስቲ ነገን ተወው፣ ዛሬን ኑር» ማለት ለአንደኛው ምክር ነው፣ ለሁለተኛው ግን ቀልድ ይመስላል።

ከዚያም የባሰ አለ። በ2015 በዚሁ የኤጅያን ባሕር ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ግሪክ ተሻግረዋል፤ አብዛኞቹ ሌስቦስን፣ ኪዮስን፣ ሳሞስንና ኮስን በመሳሰሉ ለቱርክ ቅርብ በሆኑ ደሴቶች ላይ ወርደዋል። የአንዱ መዝናኛ ባሕር የሌላው የሞት ሽረት መንገድ ነበር። ካምፕ ውስጥ ወረቀቱን የሚጠብቅ ስደተኛ «ዛሬ» በእጁ ሞልቶለታል፤ የጎደለው ነገ ነው።

ታዲያ ነገው ያልተረጋገጠለት ሰው ይህን ነገር እርግፍ አድርጎ ይተወው? አይደለም። ስህተቱ ያለው «ዛሬን መኖር» ለሚለው በተሰጠው ትርጉም ላይ ነው። አንደኛው ትርጉም ነገን መናቅ ነው፦ ወጪ ሳይቆጥሩ፣ ዕቅድ ሳይዙ እንደ ልብ መሆን። ይህ ገንዘብና ጠንካራ ፓስፖርት ይጠይቃል። ሁለተኛው ትርጉም ግን ለያዙት ሰዓት ልብን መስጠት ነው። ይህኛው ፓስፖርት አይጠይቅም። እንዲያውም ቀኑ የተቆጠረለት ሰው የቀኑን ዋጋ ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። በአማርኛ ስለ ነገ ሲወራ «እግዜር ካለ» ማለት የተለመደ ነው። ይህን የሚል ሰው ዕቅዱን ሰርዞ አይደለም የሚለው፤ ዕቅዱን ይዞ፣ ነገ በእጁ እንዳልሆነ እያወቀ ነው።

ይህን ትርጉም ደሴቶቹ ላይ ከማንም በላይ የሚያስተምረው ነፋስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነፍስ ሜልተሚ የሚባል ደረቅ ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ፀሐይዋ እንደወጣች፣ ባሕሩ ብቻ ይቆጣል። ነፋሱ 8 ቦፎርት ገደማ ሲደርስ የወደብ ባለሥልጣናት መርከብ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላሉ፤ ትንንሾቹና ፈጣኖቹ ከዚያም በፊት ይቆማሉ። ይህን ክልከላ የሚያማርር መንገደኛ አይጠፋም። ግን በመስከረም 2000 እ.ኤ.አ. ነፋሻ ሌሊት ላይ ኤክስፕረስ ሳሚና የተባለች መርከብ ከፓሮስ ወደብ አጠገብ ከአለት ጋር ተላትማ ስትሰጥም ከ80 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ደሴቱ አይረሳም። ባሕር ቸኩሎ ለመጣ ሰው አይራራም።

መርከብ በቀረ ቀን የጀርመን ፓስፖርት ያለውም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለውም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዕቅዱ ፈርሷል፣ የሚያሳድዱት ነገር የለም። ከአንዳንድ የደሴት ጉዞዎች በኋላ በትዝታ የሚቀረው ይኸው ቀን የሚሆነው ለዚህ ነው። ቡናው ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ለዓመታት በስልክ «አለህ? አለሁ» ሲባባሉ የኖሩ ጓደኛሞች ስለ ሞተ አባት፣ ስለ ፈረሰ ትዳር፣ ስለ ተለወጠ ሰፈር ሲያወሩ ይመሻል። የመጡበት ጉዳይ ደሴቱ መስሏቸው ነበር፤ የመጡት ግን ለመገናኘት ነው።

ጓደኛ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ቸኮሌት የቀመሱ ሰዎች ሳይነጋገሩም እንኳ ጣፋጩ ይበልጥ ጣፍጧቸዋል፤ መራራውም ይበልጥ መሯቸዋል። አብሮ መሆን ደጉንም ክፉውንም ያጎላል። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር የሚጓዝ ሰው መራራውን አስቀድሞ መቀነስ አለበት። ወጪው እንዴት እንደሚካፈል ከመነሳት በፊት ይነጋገሩ፤ የአንዱ ደመወዝ በዩሮ የሌላው በብር ከሆነ ይህ ንግግር ነውር ሳይሆን አክብሮት ነው። አራት ደሴት ትቶ ሁለት መምረጥ ይሻላል። ናክሶስ ላይ ሦስት ቀን አርፎ፣ ከዚያ በትንሿ መርከብ ወደ ኩፎኒሲያ ወይም ወደ አሞርጎስ መሻገር ይቻላል። ኩፎኒሲ በእግር የምትዞር ደሴት ናት። አሞርጎስ ላይ ደግሞ ከገደል ጋር ተጣብቆ የቆመ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም አለ፤ መነኮሳቱ ደረጃውን ወጥቶ ለደረሰ እንግዳ የሚቀመስ ነገር ያቀርባሉ። የገደል ገዳም አገሩ ላይ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ተቀባይነት ባዕድ አይሆንበትም።

«እኛ ቪዛውን በስንት መከራ አግኝተን ሁለት ደሴት ብቻ አይተን እንመለስ?» የሚል ይኖራል። ስስቱ ይገባል፤ ዳግም ላይገኝ የሚችል ዕድል ነው። ግን ዳግም የማይገኝ ነገር በጥድፊያ ቢያልፍ የበለጠ ያስቆጫል። ስምንቱን ሰዓት በወረፋ ከመጨረስ አንዷን ሰዓት በደንብ ማየት ይሻላል።

ነገሩን ከራሳቸው ከደሴቶቹ ሰዎች በላይ የሚያውቀው የለም። ሳንቶሪኒ የእሳተ ገሞራ ጠርዝ ናት። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳው እሳተ ገሞራ አክሮቲሪ የተባለችውን ከተማ ቀብሯታል፤ ቁፋሮው ግን እስካሁን እንደ ፖምፔ የሰው አስከሬን አላገኘም። ሊቃውንት እንደሚሉት ነዋሪዎቹ ምድሪቱ ስትንቀጠቀጥ ሰምተው አስቀድመው ወጥተዋል። በሐምሌ 1956 እ.ኤ.አ. አካባቢውን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በ2025 መጀመሪያ መሬቱ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ደሴቲቱን ለቀው ነበር። ሲረግብ ተመለሱ፣ ቤታቸውን ከፈቱ፣ ለበጋው ተዘጋጁ።

እነዚህ ሰዎች ነገን አልናቁም፤ ምድሪቱን ያዳምጣሉ፣ ሲያስፈልግም ይወጣሉ። ከዚያ ማታ ወንበር አውጥተው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ለሦስት ቀን የሚመጣ እንግዳ ከእነሱ የሚማረው ይህን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥቂት መቆየት አለበት። ከጉዞ የተመለሰን ጓደኛም «ስንት ደሴት አየህ?» ከማለት «ከማን ጋር ምን አወራህ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።